አርባ ስምንቱ ሰዓት ከመቼ ይቆጠራል? ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ መብታችሁ ለጠየቃችሁን መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው እስርን፣ ቢሮክራሲንና ሰልፍን የሚመለከቱ ናቸው። አንቀጾቹን የጠቀስነው ከኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሌላ ሕግ ስንጠቅስ በስሙ እንጠራዋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጣ ተያዘ። ጣቢያ ሄደን ስንጠይቅ «ቅዳሜና እሑድ ፍርድ ቤት ዝግ ነው፤ ሰኞ ይቀርባል» ተባልን። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ብቻ ነው እንዴ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዝዘው አንቀጽ 19(3) ስለ ሰዓት እንጂ ስለ ሥራ ቀን አይናገርም። ከቆጠራው የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ። አዳማ ከተማ ውስጥ ተይዞ አዳማ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ ሰው ይህ ጊዜ ከደቂቃዎች አያልፍም። ስለዚህ የወንድምዎ 48 ሰዓት የሚሞላው እሑድ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ማቅረብ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። አንቀጽ 9(1) ግን ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን «ልማዳዊ አሠራር» ተፈጻሚነት የለውም ይላል፤ መለመዱ ብቻውን ሕጋዊ አያደርገውም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቆጠራው ሳይሆን በመነሻው ሰዓት ነው። ዓርብ 11 ሰዓት የተያዘ ሰው ጣቢያው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም ቅዳሜ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ያ መዝገብ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ በመጀመሪያው ምሽት ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ፦ የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ፣ ያዩ ሰዎችን ስም፣ የወሰዱትን ፖሊሶች ወይም የመኪናውን ሰሌዳ፣ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለበትን ደቂቃ በወረቀት ማስፈር። ችሎት ሲቀርብም ተጠርጣሪው ወይም ጠበቃው ከሁሉ በፊት «የተያዝኩት ዓርብ 11 ሰዓት ነው፤ ይመዝገብልኝ» ይበል። ወሬው ወደ ጥርጣሬው ከገባ በኋላ ወደ ሰዓቱ መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ሲያዝ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብትም አለው፤ ቃል ከሰጠ ቃሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ቃል የሰጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን ያንብብ፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት። ያላለው ነገር ተጽፎ ካገኘ እርማቱ እዚያው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ማለት አይበጅም። በማስገደድ የተገኘ ቃል በአንቀጽ 19(5) መሠረት በማስረጃነት አይቀርብም፤ ሆኖም መገደዱን የሚያስረዳው ራሱ ተጠርጣሪው ስለሚሆን በአካሉ ላይ ምልክት ካለ በመጀመሪያው ችሎት ለዳኛው ያሳይ፣ ሕክምናም ይጠይቅ።

ከዚያ የሚመጣው የጊዜ ቀጠሮ ነው። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ የቀሪ ምስክሮችን ቃል መቀበል፣ የቴክኒክ ማስረጃ ማስመጣት፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮችን መያዝ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት ፍርድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ሕጉ «በአንድ ጊዜ» አለ እንጂ ስንት ጊዜ አላለም፤ ቀጠሮ እየተደራረበ ወራት የሚሄደው በዚህ ቀዳዳ ነው። መቃወሚያው በሁለተኛው ቀጠሮ ይጠነክራል፤ «ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ? ስንት ምስክር ተሰማ? የቀረውስ ለምን አልተሠራም?» ብሎ ምርመራ መዝገቡ እንዲታይ መጠየቅ ነው። አንቀጽ 19(4) ዳኛው የሚፈቅደው ለምርመራው የግድ አስፈላጊ የሆነውን ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ለእህቴ በ20 ሺህ ብር ዋስትና ፈቅዶ ገንዘቡን አስይዘናል። ጣቢያው ግን አለቅም አለ። አሁን ማንን ነው የምንከሰው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከመክሰሳችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ፖሊስ በዋስትናው ላይ ይግባኝ ጠይቆ ከበላይ ፍርድ ቤት ዕግድ አምጥቶ እንደሆነ ነው። ዕግድ ካለ ጣቢያው የሚያሳያችሁ ወረቀት ይኖረዋል፤ «ይግባኝ ልንል ነው» የሚል ቃል ግን ዕግድ አይደለም። ሁለተኛው፣ በሌላ መዝገብ ትፈለግ እንደሆነ ነው። በአንድ መዝገብ ዋስ ተፈቅዶ በሌላ መዝገብ እንደ አዲስ መያዝ የተለመደ ነው፤ ያኔ 48 ሰዓቱም እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ፖሊስም አዲሱን ጥርጣሬ ለፍርድ ቤት ማስረዳት አለበት።

ሁለቱም ከሌሉ የመፍቻ ትእዛዙን ኮፒ ይዛችሁ ዋስትናውን ወደ ፈቀደው ችሎት ተመለሱ። ትእዛዙ ለጣቢያው የደረሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የተቀበለውን ሰው ማንነት ጠቅሳችሁ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ ያልፈጸመበትን ምክንያት እንዲያስረዳ በጽሑፍ ጠይቁ። ትእዛዙን በቃል ከማስተላለፍ ይልቅ አስፈርሞ መስጠት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ያልተፈረመበት ከሆነ «አልደረሰንም» የሚል መልስ ይጠብቃችኋል።

ሌላው መንገድ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። ሥርዓቱ የሚገኘው ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ነው። አቤቱታው በጽሑፍ ይሆናል፤ ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል። ቃለ መሐላው የታሰረውን ሰው ስም፣ ያሰረውን ሰው ወይም ተቋም፣ የታሰረበትን ቦታ፣ ይህን ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎችን ይይዛል። ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው፣ እናንተም ጭምር፣ እሱ የማይችል መሆኑን ገልጻችሁ ልትምሉለት ትችላላችሁ። ፍርድ ቤቱ ያሰረው ክፍል ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዝዛል፤ እስሩ ሕገ ወጥ ከሆነ ወዲያው ይለቀቃል።

እንዲህ ያለው አቤቱታ የሚወድቅባቸው ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ተጠሪው በስህተት መጻፉ ነው፤ ሰውየው ከጣቢያ ወደ ሌላ ማቆያ ተዛውሮ ሳለ የመጀመሪያው ጣቢያ ተጠሪ ሲደረግ «እኛ ጋ የለም» የሚል አጭር መልስ መዝገቡን ይዘጋዋል። ሁለተኛው ጥፋተኛ አለመሆንን ለማስረዳት መሞከር ነው። ይህ አቤቱታ የሚጠይቀው እስሩ ሕጋዊ መሠረት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ብቻ ነው፤ «አልሰረቀችም» የሚለው ክርክር ቦታው ሌላ መዝገብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥት ያለው አገር ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት አለው ማለት ይቻላል? (የሁለተኛ ደረጃ መምህር)

መልስ፦ አይቻልም፤ የራሳችን ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1923 የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1948 ተሻሻለ። ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝብ የሰጡት ሰነድ ነበሩ፤ ሰጪው ከሰነዱ በላይ ነበር። የ1948ቱ የመብት ዝርዝርና በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይዞ ቢመጣም ንጉሠ ነገሥቱን በሕግ የሚጠይቅ አካል አልነበረውም። የ1980ው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ደግሞ አንድ ፓርቲን የመንግሥትና የኅብረተሰብ መሪ አድርጎ አስቀመጠ፤ መንግሥት የሚለወጥበትን በር ራሱ ሰነዱ ዘጋው። በ1987 የጸደቀው የአሁኑ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ስለሚጀምር የሥልጣኑን ምንጭ ገለበጠው፤ አንቀጽ 8 የሉዓላዊነቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ አንቀጽ 9(3) ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ሥልጣን መያዝ ክልክል መሆኑን ይናገራል።

ለተማሪዎችዎ መለኪያ ከፈለጉ በጽሑፉ ርዝመት አይለኩት። አንድ ተራ ሰው መንግሥትን ከስሶ ሊረታ ይችላል? ረቶስ ውሳኔው ይፈጸምለታል? የፈረደለት ዳኛስ በነጋታው ሥራው ላይ ይገኛል? አንቀጽ 79(4) ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት የሚነሳው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔ፣ የሚመለከተው ምክር ቤትም ሲያጸድቀው ብቻ መሆኑን የሚደነግገው ለሦስተኛው ጥያቄ ብሎ ነው። አንቀጽ 78(4) ልዩ ፍርድ ቤት ማቋቋምን የሚከለክለውም ለአንድ ክስ ተብሎ የተፈጠረ ፍርድ ቤት ውጤቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ሥልጣን ተከፋፍሏል የሚባለው አንዱ አካል ሌላውን «አይሆንም» ለማለት አቅም ሲኖረው ነው፤ ሦስት ሕንፃና ሦስት ማኅተም መኖሩ በቂ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አገልግሎት የከለከለኝ «በውስጥ መመሪያ» ነው። መመሪያውን አሳዩኝ ስል «ለባለጉዳይ አይሰጥም» አሉኝ። ያልታየ ሕግ ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለጉዳይን የሚነካ ከሆነ አይሠራም። ሕጎች ደረጃ አላቸው፦ ከላይ ሕገ መንግሥቱ፣ ቀጥሎ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ፣ ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣው መመሪያ። ሰርኩላር ለሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው፤ በእርስዎ ላይ አዲስ ግዴታ አይፈጥርም። የታችኛው የላይኛውን ሊጥስ አይችልም፤ ከላይ የተፈቀደን ነገርም ከታች በመመሪያ መንጠቅ አይቻልም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመዘገብ፣ በድረ ገጽ እንዲወጣ ያስገድዳል። ይህን ያላሟላ መመሪያ አይፈጸምም። አዋጁ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና በአዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተዳደሮች ላይ ይሠራል፤ ክልሎች በራሳቸው ሕግ ይገዛሉ።

መስኮቱ ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ ጊዜ ያባክናል። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፉ፤ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የመመሪያውን ቁጥር፣ የተመዘገበበትን ቀን፣ ጥያቄዎ የተከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ። በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተው የገቢ ቁጥሩን ይያዙ። ከዚህ በኋላ ክልከላው «ባለሙያው እንዲህ አለኝ» ሳይሆን አስተዳደራዊ ውሳኔ ይሆናል፤ አዋጁም ውሳኔ ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። ቅሬታዎን መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ፤ ካልረኩ ውሳኔውን የሚመረምረው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ቅሬታ ሰሚውን ዘለው ፍርድ ቤት የሄዱ ብዙዎች መዝገባቸው እዚያው ይመለስባቸዋል።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል፤ ይመረምራል፣ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይነካም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በይዞታ ክርክር እስከ ሰበር ሄጄ ተረታሁ። ጎረቤቴ «አሁን አጣሪ ጉባኤ ግባ» ይለኛል። ሌላ ይግባኝ ነው ማለት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይግባኝ አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያጣው እንደ ይግባኝ ቆጥሮት ነው።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት አይደለም፤ በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የፖለቲካ አካል ስለሆነ ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያጣራለት የባለሙያ ጉባኤ አለው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ። አባላቱ 11 ናቸው፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው ሰብሳቢና ምክትል ሰብሳቢ ሆነው፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚወከሉ። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የተረታ ሰው አቤቱታውን የሚያስገባው የዚያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወደሚሰበስቡት ጉባኤ መሆኑ በእኛ ዓይን የአወቃቀሩ ደካማ ጎን ነው።

አጣሪ ጉባኤው «ፍርዱ ልክ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በዚህ ጉዳይ ላይ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያስፈልገው ነጥብ አለ ወይ? የሚለውን ነው። ፍርድ ቤቱ የምስክሬን ቃል አላመነም፣ ካርታዬን በአግባቡ አልተረጎመም፣ ማስረጃ አሳስቶ መዘነ የሚል አቤቱታ እዚያው ይቀራል። መዝገብዎን ሲያነቡ «ይህ ሕግ ራሱ አንቀጽ 40ን ይቃረናል» ወይም «ይህ ውሳኔ አንቀጽ 37 የሰጠኝን የመሰማት ዕድል ነፍጎኛል» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ካልቻሉ ገና ለጉባኤው አልደረሱም።

ካስቀመጡ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት የግለሰብ አቤቱታ የሚቀርበው ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ነው፤ ይግባኝ ወይም ሰበር የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ ያንን ይጨርሱ። አቤቱታው የተጣሰውን አንቀጽ፣ የጣሰውን ሕግ ወይም ውሳኔ፣ አጣጣሱን፣ የሚጠይቁትን ዳኝነት ለየብቻ ይያዝ፤ በየደረጃው የተሰጡ ውሳኔዎች ሁሉ ግልባጭ ይያያዝ። የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ስለጎደለ ብቻ የሚመለስ አቤቱታ አለ። ክርክሩ ገና ፍርድ ቤት እያለ ነጥቡ ከተነሳ ደግሞ ችሎቱ ራሱ የሕጉን ጭብጥ ብቻ ነጥሎ ወደ ጉባኤው ሊልክ ይችላል። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፤ አያስፈልግም ካለ ቅር የተሰኘ ሰው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል።

ይህ ይግባኝ ባዶ ተስፋ አይደለም። አንዲት ሴት የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈቀድኩም ብላ ተቃወመች፤ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶች አልተቀበሏትም፣ አጣሪ ጉባኤውም ትርጉም አያስፈልግም አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን በ1996 ተቃውሞዋን ተቀበለ፤ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነውና። ያሸነፋት ነጥብ አንዲት ቃል ናት፤ ፈቃድ። ስለ ውርሱ ድርሻ አልተከራከረችም።

ስለ ጊዜ ከጠየቁ፣ ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ጉዳዩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይወስን ይላል። ያው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚሰበሰብ ይደነግጋል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ ሂሳቡን ለእርስዎ እንተዋለን፤ መዝገብዎን ግን እየተመላለሱ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? (የወጣቶች ማኅበር)

መልስ፦ በሕጉ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ የለም። አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት ይሰጣል፤ ሥርዓቱን የያዘው ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት በከተማ ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ ከከተማ ውጭ ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ጽሑፉ ዓላማውን፣ ቦታውንና የምታልፉበትን መንገድ፣ ቀኑንና መነሻና መድረሻ ሰዓቱን፣ ይሳተፋሉ የምትሏቸውን ሰዎች ዓይነት፣ ከጸጥታ ኃይል የምትፈልጉትን እገዛ ይይዛል። የአስተባባሪዎች ሙሉ ስም፣ አድራሻና ፊርማ የግድ ነው፤ በማኅተም ብቻ የተላከ ደብዳቤ ጎደሎ ነው።

አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ማለት ይችላል፤ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል። ሰልፉ ጭራሽ፣ በየትም ቦታና በማናቸውም ጊዜ አይደረግ ማለት አይችልም። የተከለከሉ ቦታዎችም አሉ፦ ከኤምባሲ፣ ከአምልኮ ቤት፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ 100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር 500 ሜትር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ገበያ ቦታ። መንገዳችሁን ካርታ ላይ አስምራችሁ እነዚህን ርቀቶች አስቀድማችሁ ለኩ፤ ለመከልከል የሚፈለገው ሰበብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይገኛል።

በተግባር የሚሆነውን አንደብቅም። «የጸጥታ ኃይል እጥረት አለ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ በቃል ከመጣ ደግሞ ሰልፉ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ የወጣው ሰው ይታሰራል። ስለዚህ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ፣ ሰዓቱ ተጽፎበት አንዱ ላይ አስፈርሙ። ዝምታውም ክልከላውም ያኔ ወረቀት ላይ ይኖራል።

ጥያቄ፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ ይቆማል? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ አይቆምም፤ አዋጁ ራሱ የሚቆመው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያውጀው የውጭ ወረራ፣ በመደበኛው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊገታ የማይችል የሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት አደጋ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት ነው። የ2009ኙ በተቃውሞ ምክንያት፣ የ2012ቱ ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ታውጀዋል። ክልሎች የሚያውጁት በተፈጥሮ አደጋና በበሽታ ምክንያት ብቻ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፤ ካልሆነ በ15 ቀን። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያው ይሻራል። ቢበዛ ስድስት ወር ይቆያል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል፤ ስንት ጊዜ የሚለው ገደብ ግን የለም። በምንም ሁኔታ የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው። አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል፣ 25 እኩልነት ነው።

ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የሚደነግጠው በሌለው ነገር ነው፤ በሕይወት የመኖር መብት አንቀጽ 15 ውስጡ የለም። ክርክሩ እዚህ አያበቃም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በሕይወት የመኖር መብት በአስቸኳይ ጊዜም አይገደብም ይላል። አንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ሲል፣ አንቀጽ 13(2) ደግሞ የመብት ምዕራፉ ከእነሱ ጋር ተጣጥሞ እንዲተረጎም ያዝዛል። ጠበቃ በዚህ በኩል መከራከር ይችላል።

በአስቸኳይ ጊዜ የታሰረ ዘመድ ካለዎት መርማሪ ቦርድን ይጥቀሱ። በአንቀጽ 93 የሚቋቋመው ይህ የሰባት ሰዎች ቦርድ የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ስሙ ካልወጣ፣ ያልወጣበትን ምክንያት ለቦርዱ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ስልክህን ክፈት» ቢለኝስ? ቤት ብርበራስ በሌሊት ይቻላል? (ከጅማ)

መልስ፦ አንቀጽ 26 ከመኖሪያ ቤትና ከአካል ጋር በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል። ገደብ የሚደረገው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው፤ «ላየው ፈልጌ» ምክንያት አይሆንም። የትኛውን ማዘዣ ይዘው እንደጠየቁ በትሕትና ይጠይቁ፤ በአካል መታገል ግን ሌላ ክስ ይወልዳል።

ለቤት ብርበራ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ሲሸሽ እየተከታተሉት የገባን ተጠርጣሪ እንደመያዝ ያሉ ጠባብ ሁኔታዎች ብቻ ይቀራሉ። ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውጭ መውሰድ አይቻልም። የተወሰደው ዕቃ ሁሉ በመለያ ቁጥሩ ጭምር ሳይመዘገብ ዝርዝሩ ላይ አይፈርሙ፤ «አንድ ላፕቶፕ» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ በኋላ የትኛው ላፕቶፕ እንደነበር ማንም አያስረዳም።

ጥያቄ፦ ስደተኛ ጎረቤቴ በሕገ መንግሥታችን መብት አለው? (ከጋምቤላ)

መልስ፦ አለው። «ማንኛውም ሰው» የሚሉት አንቀጾች፣ የተያዙ ሰዎች መብት፣ እኩልነት፣ ሃይማኖት፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ዜግነት አይጠይቁም። በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ የሚገኝ የውጭ ዜጋም በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነጻነት አለው። መምረጥና መመረጥ (38) ግን የኢትዮጵያዊ ዜጋ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ሲባል ማን ያሻሽላል? ለማንበብስ የትኛውን ቅጂ ልያዝ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሐሳቡ የሚመነጨው ከሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች በአንዱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው ሲደግፈው ነው። ክልሎቹ አሁን 12 ስለሆኑ አራት ይበቃሉ። የመብት ምዕራፉን (ከአንቀጽ 13 እስከ 44)፣ አንቀጽ 104ን እና 105ን ለመንካት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በየራሳቸው አብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው፤ አንድ ክልል እምቢ ካለ ይቀራል። ለሌላው አንቀጽ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልሎች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ስምንት ያስፈልጋል።

ቅጂውን በተመለከተ የአማርኛውን ይያዙ፤ አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ነው። አዋጅ ቁጥር 1/1987 ተብሎ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አንደኛ ዓመት ቁጥር 1 ታትሟል። ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ በየሱቁ የሚሸጥ ቅጂ ካገኙ ለፍርድ ቤት አይጥቀሱበት።